ሁለተኛው ስብራት

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ የማሽኑን ጋዝ ቁልፍ ልትከፍት እጇን ስትሰድ አለቃዋ ቀድመው መዳፋቸውን ጫኑበት።

«ተይው አልኩሽ እኮ! የጋዙ መለኪያ መርፌ ቀዩ ጋ ደርሷል። የነገዎቹ ሕፃናት ደም በምን ሊመረመር ነው? በትንፋሽሽ?»

«ለነገዎቹ ነገ እናስባለን፣ ጋሼ። ይቺ ግን ዛሬ ርቧታል።»

ከበሩ ማዶ ኮሪደሩ በልቅሶ ተሞልቷል። ከተወለደች ሳምንት ያልሞላት ልጅ ናት። ጠዋት የደሟ ጠብታ እዚህ ማሽን ላይ ሲመዘን አንድ ነገር ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ፤ ክብደቱ መቶ ሠላሳ ሁለት። ይህ ክብደት የአንድ ክፉ በሽታ ምልክት ነው። በሽታው ካለባት የእናቷ ወተት መርዝ ይሆንባታል። ስለዚህ እናትየው ጡት እንዳትሰጥ ተነገራት። ይኸው እስካሁን ልጅ ታለቅሳለች፣ እናት ታባብላለች፣ ወተቱ የቀሚሷን ደረት አርሶ ወርዷል።

ችግሩ፣ ያንኑ ክብደት ይዞ የሚዞር ሌላ ነገር መኖሩ ነው፤ ማንንም የማይነካ፣ ምስኪን።

«ሚዛን አይዋሽም» አሉ አለቃዋ።

«ሚዛንማ አይዋሽም። ግን ስም አያውቅም።»

በቤተ ሙከራው ሁሉ «ግትሯ» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷም ጭምር።

«ደግሞ በጋዙ መትተሽዋል እኮ! ተሰበረ፤ ስባሪው ሰማንያ ስድስት ሆነ። ልክ እንደ ክፉው።»

«ለመጀመሪያው ምትማ ሁለቱም እኩል ነው የሚሰበሩት። የሚለያዩት ምቱ ሲጠነክርባቸው ነው። ጠዋት የሁለቱንም ንጹሕ ናሙና መትቼ አይቻለሁ። ክፉው ስልሳ ዘጠኝ ላይ ይወድቃል፣ ደጉ ስልሳ ስምንት ላይ።»

«አብዝተሽ ከመታሽው ዱቄት ነው የሚሆነው። ከዱቄት ምን ይነበባል? ተሳስተሽ ትጥባ ብትይና...» አልጨረሱትም። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰው ልጅ በእጃቸው እንዳይጠፋ የሚፈሩ ሰው ነበሩ እንጂ።

በሩ ተንኳኳና የእናትየው ታላቅ እህት አንገቷን አስገባች። «እኔ የምላችሁ፣ ማሽኑ ምሳ ወጥቷል እንዴ?»

«አልወጣም፣ እትዬ። እኔም አልወጣሁም።»

«እንግዲያው ንገሪው። ልጅቷ ሳንባዋ እንደሆን ጤነኛ ነው፤ ሕንፃውን ልታፈርሰው ነው!» ሳቋን ሳትጨርስ በሩን ቶሎ መለሰችው።

አለቃዋ የተዘጋውን በር ትንሽ አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ። «አንድ ጊዜ ብቻ!»

ግትሯ ቁልፉን ጥቂት ከፍታ ከደሙ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ወደ ማሽኑ ሰደደች። ፈሳሹ እንደ ፀጉር የቀጠነችው መርፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ኤሌክትሪኩ ሲይዘው ጉም ሆኖ ተበተነ። ጠብታዎቹ እየደረቁ፣ እያነሱ ሄዱና ኤሌክትሪክ ያዘሉት ብናኞች ብቻ ወደ ማሽኑ ሆድ ተስፈነጠሩ። መቶ ሠላሳ ሁለት የሚመዝኑት አለፉ፤ ሌላው ደጅ ቀረ። ውስጥ ጋዙ ይጠብቃቸዋል። ጋዝ ቡጢ የለው፣ መዶሻ የለው፤ ሥራው ቆሞ መጠበቅ ነው። እየበረሩ መጥተው የሚላተሙት እነሱ ናቸው።

ፍጥነታቸውን ጨመረች። በስክሪኑ ሰማንያ ስድስት ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። ጨመረች። መስመሩ አጠረ፤ ሌላ ግን አልመጣም።

«ይበቃል፣ ልጄ።»

ጥርሷን ነክሳ ጨመረች። ከታች፣ ከስልሳዎቹ ሠፈር፣ እንደ ሣር ቡቃያ አንዲት ጭረት ብቅ አለች። የቱ ላይ እንደቆመች ለማየት ግትሯ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

ስልሳ ስምንት።

አለቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት። ወደ ጋዙ ሲሊንደር ሄዱ። ሊዘጉት መስሏት ልትጮህ ነበር። እሳቸው ግን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ድገሚው። እስኪያልቅ ድረስ።»

ደገመችው። ስልሳ ስምንት። አጠገቡ ያለው የስልሳ ዘጠኝ ቦታ እንደተጠረገ ደጅ ባዶውን ተቀምጧል። የሲሊንደሩ መርፌ ዜሮ ላይ ተኛ፤ የጋዙ ፉጨትም ጸጥ አለ።

አለቃዋ ስልኩን አነሱ። «አዎ፣ ዶክተር። ደጉ ነው። ሁለት ጊዜ፤ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።» አዳመጡና ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቷት።

ስለ ምቱና ስለ ስብራቱ ለእናትየው የምትነግራትን ቀኑን ሙሉ በልቧ ስታሰናዳ ነበር የዋለችው። በሩን ስትከፍት እናትየው ከወንበሯ ቀና ብላ አየቻት፤ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

«አጥቢያት» አለች።

ልቅሶው መሃሉ ላይ ተቆረጠ። በኮሪደሩ ጉልቅ፣ ጉልቅ የሚል የመጥባት ድምፅ ብቻ ቀረ። ተራውን መጠበቅ ያቃተው ሌላኛው ጡት በቀሚሱ አልፎ ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሚመዝነው የለም።