የሚርገበገበው ሽቦ

"እጅሽን አጽኚ አልኩ!" አሉ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣ የመጠቅለያውን እጀታ ማዞር አቁመው። ለሞተሩ የሚጠቀልሉት የመዳብ ሽቦ እንደገና ተዛንፎባቸው ነበር። ልጃቸው ሩሐማ ከኋላቸው ተቀምጣ ሽቦውን በጨርቅ ይዛ ከጥቅሉ እየለቀቀች ትወጥርላቸዋለች። የተቃጠለ የቡና መፈልፈያ ሞተር ይዞ ከሰርቦ የመጣው ጀቤሳ ደግሞ የሱቁ በር ላይ ይቁነጠነጣል። "ኧረ ጋሼ፣ የተለቀመው ቡና እንደተቆለለ ነው፤ ከሞቀ አለቀለት" አለ፣ ቅድም ያለውን ደግሞ።

ሩሐማ ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ዋጠች። ሽቦው ግን በእሷና በአባቷ መካከል እንደተወጠረ መርገብገቡን አልተወም። ጣቶቿን አየች፤ ንቅንቅ አላሉም። ዐይኗ ሽቦውን ተከትሎ ሄዶ እጀታው ላይ አረፈ። የሚንቀጠቀጠው የአባቷ እጅ ነበር። በሰፈራቸው በመንደራ ቆጪ ሞተር የተቃጠለበት ሁሉ የሚያምነው ያ እጅ! ጀቤሳም ወደዚያው እያየ መሰላት።

"እውነትዎን ነው አባባ" አለች ቶሎ ብላ፣ ጀቤሳ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "እጄ ዝሎብኛል። እስቲ እርስዎ ይወጥሩልኝና እኔ ልጠቅልል።"

ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ እጃቸውን ከእጀታው ላይ አነሱ። ከዚያ ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ጨርቁን ሲቀበሏት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው፣ "መቼ አወቅሽ?" አሏት።

"አሁን።"

"እኔ ከመስቀል ወዲህ አውቃለሁ" አሉና ሽቦውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወጠሩላት። "በይ አዙሪ፤ ሰው ቆሞብናል።"