የአቶ ደምረው ምት

ባለቤት ያለውን ምት ያለ ፈቃድ ማሰማት ከተከለከለ ወዲህ ከበሮ ከየቤቱ ተሰብስቧል። ትብለጥ ለአባቷ ለአቶ ደምረው ከጎማና ከባልዲ ክዳን የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሠራችላቸው። በወጣትነታቸው ደሴ ውስጥ ያለ እሳቸው ሠርግ አይደምቅም ነበር። የቀራት ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን ብቻ ነው።

ሱቅ ሄዳ ሁለት ሳጥኖች አማረጠች። አዲሱ ብዙ ድምፆች ተጭነውበታል፤ አሮጌው ግን ከውጭ የተቀዳ ድምፅ ይቀበላል። እሷ ደግሞ የአባቷን ከበሮ ድምፅ ከበሮው ሳይወሰድ በፊት ቀድታዋለች።

“ድምፁን ይቀበልልሻል፤” አላት ሻጩ። “ምቱ ባለቤት ካለው ግን የትኛውም ሳጥን ዝም ነው የሚለው፣ እህቴ።”

“ምቱን የፈጠሩት አባቴ ናቸው” ብላ አሮጌውን ገዛች።

ቤት ወስዳ ስትገጥመው አባቷ በመዳፋቸው አንዴ መታ አደረጉት። የገዛ ከበሯቸው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ፊታቸው በራ። ወዲያው በየሠርጉ ይመቱት የነበረውን የራሳቸውን ምት ሲጀምሩ ሳጥኑ ጸጥ አለ። ፊቱ ላይ “ይህ ምት የሌላ ንብረት ነው” የሚል ጽሑፍ መጣ። ዓይናቸው ደክሟልና አላነበቡትም።

“ትብልዬ፣ ጆሮዬ ከበሮውን አልለይ አለኝ። አንቺ ይሰማሻል?”

ምትዎን ሌላ ሰው በስሙ አስመዝግቦ ወሰደብዎ ማለት አቃታት።

“ይሰማኛል፣ አባባ። በጣም ያምራል።”

አቶ ደምረውም ልጃቸውን ደስ ይበላት ብለው፣ እሳቸው የማይሰሙትን መምታት ቀጠሉ።