ከባሕር የተረፈው እብነ በረድ

ዶክተር ወንዳፍራሽ የጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ቶራንስ ከተማ ቢሆንም የሚከበረው የስደተኛ ሐበሾች ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። ድንበሩ በተከፈተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ ሄዶ የጥንታዊውን የአዱሊስ ወደብ ፍርስራሽ ጎበኘ። ሲመለስ ሰፊ የበረሃ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ በካልሲ የተጠቀለለ የእብነ በረድ ስባሪ ይዞ መጣ።

ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እሱ ግን ሳይጠየቅ፣ "ከዘራፊ አተረፍኩት" ይል ነበር።

ድንጋዩ ከሲሞን ምግብ ቤት ጀርባ ባለው የሐበሾች ማኅበር አዳራሽ፣ በመስታወት ክዳን ሥር ተቀመጠ። በምርቃቱ ዕለት ዶክተሩ ባርኔጣውን እንደደፋ ረጅም ንግግር አደረገ።

"የባሕር ዳርቻ ቅርስ ጠላቱ ሦስት ነው" አለ። "ጨዋማው ባሕር፣ ንፋስና መሃይም።"

መሃይም ሲል አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየ።

አዳራሹን የሚያጸዱት፣ ቁልፉም በእጃቸው ያለው እትዬ ለተማርያም ናቸው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን መስቀል ሲያዩ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ።

"ዶክተር፣ ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ነው። አቧራው እንኳ እምነት ነው። የእህቴን ልጅ ላሽ ራሱን ጨርሶት፣ እምነት ተቀብቶ ነው ፀጉሩ የበቀለው።"

"ሰማችሁ?" አለ ዶክተሩ። "አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የኖረ ቅርስ የፀጉር ቅባት ሆነ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም ረዘም አድርጎ የሳቀው እሱ ነበር።

በወሩ ሲሞን ዶክተሩን ወደ መስታወቱ ጠራው።

"ዶክ፣ መስቀሉ እየጠፋ ነው እንዴ? እየው፣ ተፍቋል።"

ዶክተሩ አጎንብሶ መረመረ። "የቢላ ሥራ ነው።"

"ቢላ እንዲህ ቀጭን ይጭራል?"

"የመሃይም ቢላ ይጭራል።"

"ሶ፣ ካሜራ እናስገባ። ርካሽ አለ።"

"ቅርስ የሚጠበቀው በሕሊና እንጂ በካሜራ አይደለም" አለ ዶክተሩ፣ ባርኔጣውን እያስተካከለ።

መስቀሉ እየሳሳ ሄደ። ዶክተሩም ጉዳቱን ለመከታተል መመላለሱን አላቋረጠም። አንድ ቀን እትዬ ለተማርያም የጥቁር ኮቱን ትከሻ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

"ፎረፎር ነው መሰለኝ፣ ዶክተር።"

"እርስዎ ወለሉን ይጥረጉ" አላቸው።

ጥቅምት ላይ ስብሰባ ጠራ። አባላቱ ከቅዳሴ መልስ በነጠላቸው እንዳሉ መጥተው ተቀመጡ። ዶክተሩ እትዬ ለተማርያምን መሀል አቁሞ ቦርሳቸውን እንዲከፍቱ ጠየቀ። ከመሐረብ ቋጠሮ ውስጥ ነጭ ዱቄት ወጣ።

"ይኸውላችሁ አዱሊስ!" አለ።

"ከገዳም የተላከልኝ እምነት ነው" አሉ እትዬ ለተማርያም። "ለባለቤቴ ወገብ ነው። ማርያምን፣ ያንን ድንጋይ በእጄ አልነካሁትም።"

"ዝም በይ፣ አንቺ ሌባ!"

አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ።

"ባሕሩ ያልጨረሰውን አንቺ ጨረስሽው! ቁልፉን አስቀምጪ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደጃፍ እንዳትደርሺ።"

ሲሞን የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር። ሌሎቹም እንደዚያው። ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ወጡን የሠሩላቸው እኚሁ ሴትዮ ነበሩ፤ ያንን ያነሳ ግን አልተገኘም።

እትዬ ለተማርያም ማኅበሩ ሲመሠረት የተረከቡትን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ሠርቼ የኖርኩበትን እጅ ሌባ አስባላችሁት" አሉ። "እግዜር ይይላችሁ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዶክተሩ ግን በዚህ አልበቃውም። መንገደኛውም ይስማ ብሎ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ተከተላቸው። ሌሎቹም ለማየት ተከትለው ወጡ። ደረቁ የበረሃ ንፋስ የምግብ ቤቶቹን ባንዲራ ያርገበግባል።

"ባሕርስ ባሕር ነው፣ አያውቅም!" ብሎ ጮኸ። "ሰው ሆኖ ግን የገዛ ታሪኩን የሚፍቅ..."

ጣቱን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ንፋሱ ባርኔጣውን ነጠቀው።

ከመላጣው ላይ ነጭ ዱቄት ቦነነ።