ሰማዕቱ የመጣ ዕለት

የሰማዕታት መታሰቢያ አዳራሹ በሚመረቅበት ቀን ሰማዕቱ በሚኒባስ መጣ።

ከተማዋ በጦርነቱ የሞተባት እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስሙ ከበሩ በላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የጎረምሳነት ፎቶውም መድረኩ ላይ ተሰቅሏል። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት በምርኮ ከርሞ፣ ሸብቶና ከስቶ ገና ከመኪና መውረዱ ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ስንሻው አብሮ አደጉ ስለሆነ በሩ ላይ እንዳየው ለየው። ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ምን ነካህ? ዛሬ ይመጣል?»

«ተፈታሁ እኮ!»

«እንኳን ለዚህ አበቃህ። ግን ሪባኑ እስኪቆረጥ እንኳ መታገስ አቃተህ? መብራት የገባልን በአንተ ሞት ነው!»

ከዞን የመጡት የክብር እንግዳ ጠጋ አሉ። «ማነው ይሄ?»

ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቀው። «ሰማዕቱ ነኝ ይላል፣ ጌታዬ።»

እንግዳው ፎቶውን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። «እናቱ ይጠየቁ።»

እናቱ የሪባኑን መቀስ እንደያዙ ከፊት ወንበር ተነሥተው መጡ። ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አላውቀውም» አሉ ጮክ ብለው። «የኔ ልጅ ላገሩ ሞቷል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዳውም ረክተው ወደ መድረኩ ተመለሱ።

ያኔ እናቱ ኮሌታውን ይዘው ጎንበስ አደረጉትና በጆሮው አንሾካሾኩ።

«ቁልፉ እዚያው ድንጋዩ ሥር ነው፣ የኔ አንጀት። በጓሮ በኩል ግባ። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፤ ሪባኑን ቆርጬ መጣሁ።»