የቁርባን ማለዳ የጥርስ ሳሙና

ለተ ማርያም ጎንደር ውስጥ የሴት ልጆች አስተማሪ ነበረች። በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጥርሷ ቀዝቃዛ ውኃ አልችል አለ። የጠዋት ነፋስ ሲነካው እንኳ ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር።

ሽማግሌው ሐኪም አፏን አይቶ በምን ትፍቀው እንደነበር ጠየቃት።

"በሎሚና በከሰል" አለች እያፈረች። "እንዲነጣልኝ ብዬ።"

"የላዩን ቅርፊት ራስሽ ፍቀሽ ጨርሰሽዋል። ያለቀው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማጠንከር ይቻላል። ሻካራ ያልሆነ የጥርስ ሳሙና ግዢ። ስትጨርሺ ትፊው እንጂ በውኃ አትጉመጥመጪ፤ መድኃኒቱ ጥርስሽ ላይ ይቆይ።"

ፒያሳ ያለው የበላቸው ሱቅ ሦስት ዓይነት ነበረው። የመጀመሪያው ያነጣል የሚባለው ነው፤ በጣቷ ስታሸው እንደ አሸዋ ቆረቆራት። ሁለተኛው ቀይና ጣፋጭ ነው። ሦስተኛው ከአስመራ የመጣ፣ ቀዝቃዛ ለማይችል ጥርስ የተሠራ፣ ከሁሉም ውድ ነው። ረዥም ጊዜ እያገላበጠች አየችው።

"ቢዋጥስ ይጎዳል?"

በላቸው ሳቀ። "ምን ጎድቶ! የኔ ልጆች እንደ ከረሜላ ነው የሚልሱት።"

ሦስተኛውን ገዛች።

ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ለተ ማርያም፣ ባሏ ዋኘውና የዋኘው ታናሽ እህት አበቡ። አበቡ ባሏ ሞቶባት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች ናት። ከወንድሟ ቤት በቀር መጠጊያ የላትም፤ አፏ ግን አያርፍም።

"ጥርስ ድስት ነወይ በከሰል የሚፈተግ?" አለች ሳሙናውን እያሸተተች። "የወይራ መፋቂያ ምን በደለሽ?"

"ያንቺ ጥርስ የብረት ነው፤ ምን ታውቂያለሽ።"

"የብረት ነው እንጂ! ጠላቴን የምነክስበት።"

ሁለቱም ሳቁ። የአበቡ አፍ እንዲህ ይሁን እንጂ እጇ ደግ ነበር። በየማለዳው ውኃ ለብ አድርጋ፣ ብሩሹን ሳሙና ቀብታ ከመታጠቢያው አጠገብ ታኖርላታለች። በሁለት ሳምንት ሕመሙ ቀለል አለ።

ዋኘው ያለፈውን ክረምት በተስቦ ታሞ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነው። ከዳንሁ ከሚስቴ ጋር እቆርባለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። እስከዚያ የኖሩት በሰማንያ ነው፤ ሰማንያ ይፈርሳል። አብረው የቆረቡ ባልና ሚስት ግን ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም፤ አንዱ በሕይወት ሳለ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር አይቆርብም። ለተ ማርያም ስለቱን የነገራት ዕለት እራት አልበላችም። ጥርሴን አመመኝ አለች።

አበቡ ነገሩን አልወደደችውም። በስምንት ዓመት ልጅ አልተወለደም።

"አያ ዋኘው፣ ምነው ተቻኮልህ?" አለችው፣ ለተ ማርያም እየሰማች። "ከቆረብህ ወዲያ መመለሻ የለህም። የአባታችን ዘር ባንተ ይቋረጥ?"

"አፍሽን ያዢ። ከሷ ሌላ አልሻም።"

ለተ ማርያም አንገቷን ደፍታ ወጣች።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ነጋ ሁለቱንም አናዘዙ። ቀኑ የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ሆነ። የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውኃ እንኳ ወደ አፉ አያስገባም። በዕለቱ ማለዳ ግን ብሩሹ እንደ ወትሮው ሳሙና ተቀብቶ በቦታው ነበር። ለተ ማርያም በልማድ አነሣችው። ያደረገችውን ስታስተውል አረፋውን ውጣ ነበር።

"በማርያም፣ ዛሬ እኔ አላኖርሁትም!" አለች አበቡ።

"ረስተሽ ይሆናል" አላት ዋኘው። ያን ጊዜ ገና አልተቆጣም።

ቄስ ነጋ ለኅዳር ጽዮን ቀጠሩ። በዋዜማው ዋኘው ሳሙናውን ራሱ ወስዶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ማለዳ ሲነሣ ሚስቱ ከመታጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ከንፈሯ ላይ አረፋ አለ።

"ዛሬም ተቀብቶ አገኘሁት" አለች። "እንቅልፌ አልለቀቀኝም ነበር። እባክህ፣ አትቆጣት።"

ቦርሳውን ከፈተ፤ ሳሙናው የለም። የእህቱን መኝታ ገለበጠ። ከትራሷ ሥር አገኘው።

"አያ፣ የአባታችን አጥንት ይውጋኝ! ማን እንዳኖረው አላውቅም።"

"ያሳደግሁሽ እኔ! ያስጠጋሁሽ እኔ!" አለ ዋኘው። "ከሥጋ ወደሙ አገድሽኝ። ይህን እንኳን እህት፣ ጠላትም አያደርገው።"

አበቡ ወደ ለተ ማርያም ዞረች።

"አንቺስ? ሁለት ወር ውኃ ያሞቅሁልሽ ሰው ይህን የማደርግ ይመስልሻል?"

ለተ ማርያም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች።

በዚያው ሳምንት ዋኘው እህቱን ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈራት። የያዘችው አንድ ጥቅል ልብስ ነበር። አልተሳሳሙም። ቄስ ነጋም ሁለት ጊዜ የታገደ ነገር የእግዚአብሔር ምክር አለበት ብለው ሦስተኛ ቀን አልቆረጡም። ዋኘው ሳይቆርብ ኖረ። ከአራት ዓመት በኋላ አበቡ በሰው ጓሮ፣ በተውሶ ጎጆ ውስጥ ስትሞት ሰው ላኩበት። ለቅሶዋ ላይ አልሄደም።

ለተ ማርያም እኔ ነኝ፤ ጎንደር ሳልመጣ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አይከል ላይ ለአንድ ዲያቆን ተድሬ አብሬው ቆርቤአለሁ፤ እሱም እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።