ዓይን የሚያቃጥለው ሻምፑ

ፀጉር ሠሪዋ እንደምትለው፣ ማክሰኞና ዓርብ አመሻሽ ላይ ጭንቅላቷን ሐኪም ባዘዘላት የፈንገስ ማጥፊያ ሻምፑ የምታሽላት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና ከሥራ እንዳልገባች፣ የእሷንም ራስ ነክታ እንደማታውቅ ትምላለች።

"ታዲያ ማነው የሚያሽልኝ?"

"የራስሽ እጅ ነዋ!"

"የኔ እጆችማ ጉልበቴ ላይ ናቸው።"

"እንግዲያው ፀጉርሽ ብቻ ሳይሆን ልብሽም ሄዷል፣ እቴ!"

ፀጉር ሠሪዋ አልሳቀችም። መሀል አናቷ ተራቁቶ ደንበኞቿ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" እያሉ ወደ ጎረቤቷ ወንበር መሄድ ጀምረዋል። የፀጉር ቤቱ እመቤትም እስከ ወሩ መጨረሻ ፀጉሯ ካልበቀለ ሌላ ሥራ እንድትፈልግ ነግራታለች። ሦስት ወር ሙሉ ጠብ የሚል ለውጥ ያላመጣው ሻምፑ፣ እነዚያ ጣቶች ማሸት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሠርቷል፤ በተራቆተው ቦታ ለስላሳ ፀጉር ብቅ ብሏል።

ዓርብ ዕለት ነገሩን ለማጣራት የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆለፈች። ሻምፑውን ተቀባች። አምስት ደቂቃ መቆየት ስላለበትና ዓይን ስለሚያቃጥል ጨፈነች፤ እጆቿንም ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

ጣቶቹ መጡ። ከማጅራቷ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ አናቷ ወጡ።

በሩ ተንኳኳ።

"እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቀደም ብዬ ወጣሁ" አለች እህቷ ከውጭ። "በይ ክፈቺ፣ እውነቱን እንድታውቂ ዛሬ እኔው ልሽልሽ።"

ጣቶቹ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ጮክ ብላ መለሰች፦

"አልከፍትም። ገና ሁለት ደቂቃ ይቀረናል።"