የተባለው ሁሉ ይተረጎማል

«ስቶማክ አይደለም» ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ ሰውዬ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ለባሌ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ለዶክተሯ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እሳቸው ያሉት ‹ሆዴን ያመኛል› ነው። ሆድ ብዙ ነገር ነው። ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ የትኛው ጋ ነው የሚያምዎት?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በስፒከር ተከፍቶ ተቀምጧል። ይሄ የኦክላንድ ክሊኒክ ቤተሰብ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም፤ ባሌ ክንፉ ከገባን ጀምሮ ፊቱን ያጠቆረው ለዚህ ነው። ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ሲያወራ ስለሚውል እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፤ ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር አፌ እሱ ነበር።

«ከእምብርቴ በታች» እላለሁ። «የወር አበባዬ ሲመጣ። አሁን አሁንማ ሳይመጣም።»

ክንፉ ጫማውን ያያል። ይህን ቃል እሱ ፊት አፍ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ውስጥ «አሞኛል» ካልኩት ይገባዋል፣ ትራሱን ይዞ ሳሎን ይተኛል። ለሐኪም ሲሆን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስቶማክ፣ ስቶማክ ሲል ኖረ። ለኛ ከጡት በታች ያለው አገር ሁሉ ሆድ ነው፤ ለነሱ ስቶማክ ጨጓራ ነው። የጨጓራ ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩ። በርበሬ ተዪ አሉኝ፣ ተውኩ። በዓል ሲመጣ ሰው ዶሮ ወጡን ሲጠቀልል እኔ እንጀራ በአይብ በልቼ እነሳለሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ እጥፍጥፍ እላለሁ። ጨጓራዬን እኮ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ፍሪሞንት ሥራ ላይ ወድቄ አምቡላንስ ባይወስደኝ ኖሮ ዛሬም አይቤን እየበላሁ ነበር።

ዶክተሯ የአምቡላንሱን ቀን ምርመራ እያየች ታወራለች፤ ሰውዬው ይከተላታል።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ይላሉ። በአማርኛ አንድ ቃል አላውቅለትም። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ እየበቀለ የሆድ ዕቃን እርስ በርስ ያጣብቃል። የእርስዎን ማህፀን ራሱንም ይዞታል። ብዙ ቆይቷል ይላሉ። አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በኦፕሬሽን የበቀለውን አንስቶ ማህፀኑን መተው፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ የመውለድ ተስፋም አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ሁለተኛው፣ ማህፀኑንም አብሮ ማውጣት፤ ሙሉ ዋስትና ባይኖርም ለሕመምዎ የሚሻለው ይሄ ነው። መውለድ ግን በዚያው ያበቃል።»

ክንፉ ወደ ጆሮዬ ይጠጋል። «ሆድዬ፣ ትንሽ ታገሺ» ይለኛል በሹክሹክታ። «አንድ ልጅ ብቻ እንውለድና ከዚያ እንደፈለግሽ።»

«ማይ ዲር፣ ቢ ፔሸንት» ይላል ስልኩ ወዲያው፣ ቀሪውንም አንድ ሳያስቀር ያስከትላል። ዶክተሯ ቀና ብላ ክንፉን ታየዋለች።

«ይሄ እኮ በኛ መሃል ነው» ይላል ክንፉ።

ይሄም ይተረጎማል።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

እሱም ይተረጎማል። «ክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል ወንድሜ፤ የሥራው ደንብ ነው።»

«ሚልክያስ ነህ አይደል? የሳን ሆዜው። ድምፅህን አውቄዋለሁ።»

«ስም መናገር አይፈቀድልኝም።»

ክንፉን ላብ ላብ ብሎታል። የሱ ጭንቀት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚወራው ነው። ሳቄ ይመጣል፤ ስስቅ ደግሞ ያመኛል።

ሹክሹክታን እንኳ ሳያጎድል የሚያደርስ ሰው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ኖሮኝ ቢሆን እያልኩ አንጀቴ ያርራል። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጅ እንዲህ አልራቀኝም ነበር። አንድ እንውለድ ይለኛል፣ የሚፈልገው እሱ ብቻ ይመስል። ባቡር ውስጥ የሰው ሕፃን ሳይ ፈዝዤ የምወርድበትን የፍሩትቬል ጣቢያ የማልፈው እኔ ነኝ፤ ተመልሼ ስመጣ ሺፍት ረዝሞብኝ ነው እለዋለሁ። ታገሺ ማለት ቀላል ነው። ስንት ዓመት ልታገስ? ለምን? ለትንሽ ተስፋ?

«ይውጣልኝ» እላለሁ።

ስልኩ መልሶ ይጠይቀኛል። «ምኑ ነው የሚወጣልዎት? ይግለጹልኝ። በእንግሊዝኛ እንዲሁ ይውጣ ብሎ ማለፍ አይቻልም።»

ክንፉ ተስፋ ያገኘ ይመስል ፈጥኖ ጉልበቴን ይይዘኛል። «አልወሰነችም። ቤት ሄደን እንነጋገርበታለን፣ ኮል እናደርጋለን በላት።» ይተረጎማል። ዶክተሯ ግን የምታየው እኔን ነው። የክንፉ እጅ ይሞቃል፤ እንዳያነሳው እፈልጋለሁ፣ እጠላዋለሁም።

«ማህፀኔ» እላለሁ። «ማህፀኔ ይውጣልኝ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ማይ ዩተረስ» ይላል ሰውዬው በወፍራም የወንድ ድምፁ፣ የራሱ አካል ይመስል። «ፕሊስ ቴክ ኢት አውት። አይ ካንት ዱ ዚስ ኤኒሞር።» ይሄኛው እንግሊዝኛ ይገባኛል። ስሙን እንኳ የማይነግረኝ ሰው ሕመሜን በስሙ ጠራልኝ።

ዶክተሯ መጻፍ ትጀምራለች። ክንፉ እጁን ከጉልበቴ ያነሳና ፊቱን ይሸፍንበታል። እያለቀሰ ይሁን አፍሮ፣ አይታወቅም። አንድ ቃል አይወጣውም፤ ስልኩም የሚተረጉመው አጥቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል።